የቴክኖሎጂ ኩባንያ ኢንተርቪው፦ የሚጠይቃችሁ ሰው ብቻውን አይወስንም

ጎግል፣ አማዞን፣ ማይክሮሶፍት ወይም ሜታ ለሶፍትዌር ኢንጂነርነት ያመለከተ ሰው ጭንቀቱ ሁሉ ጥያቄው ላይ ነው። ምን ይጠይቁኝ ይሆን? የትኛውን አልጎሪዝም (የችግር መፍቻ ስልት) ልከልስ? መጨነቁ ተገቢ ነው። ግን ከዚያ በፊት መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። እሱን ሳያውቁ ገብተው የሚወድቁ ጎበዝ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ያሳዝናል።

ነገሩ ይህ ነው። ከፊታችሁ ተቀምጦ የሚጠይቃችሁ ኢንጂነር እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ምስክር ነው። ያየውንና የሰማውን ይጽፋል፣ አስተያየቱን ያስገባል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። ውሳኔው የሚሰጠው በኋላ፣ እናንተ በሌላችሁበት ነው። እንደ ጎግል ባሉት ደግሞ ፊታችሁን ጭራሽ ያላዩ ሰዎች የተጻፈውን አንብበው ይወስናሉ። ስለዚህ በዚያች 45 ደቂቃ ውስጥ መልሱን ማግኘት ብቻውን አይበቃም። የሚጠይቃችሁ ሰው ስለ እናንተ የሚጽፈው ነገር ማግኘት አለበት።

መጀመሪያ የሚደውለው ሰው

ሂደቱ በሲቪ ይጀምራል። ሪክሩተሩ፣ ማለትም ለኩባንያው ሠራተኛ የሚፈልገው ሰው፣ ፊቱ የሚቀርበው ማመልከቻ ብዙ ስለሆነ አንዱ ላይ ረጅም ጊዜ አያጠፋም። «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ» የሚለው አረፍተ ነገር ዓይኑን አይዘውም። «የክፍያ ገጹ ለመከፈት 6 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ወደ 2 አወረድኩት» የሚለው ግን ይይዘዋል። ምን እንደሠራችሁና ምን እንደተለወጠ በቁጥር አስቀምጡ። ኩባንያው ውስጥ ሥራችሁን የሚያውቅ ሰው ካለ ሪፈራል ጠይቁት፤ ለኩባንያው እንዲጠቁማችሁ ማለት ነው። ሪፈራል ሥራውን አያስገኝላችሁም። ሲቪያችሁ በወጉ የመነበብ ዕድሉን ግን ከፍ ያደርገዋል።

ሪክሩተሩ ሲቪውን ከወደደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚሆን ንግግር ይኖራል። ብዙ ሰው ይህን ንግግር እንደ ፈተና ይፈራዋል። አያስፈራም። ሪክሩተሩ እንድታልፉ ነው የሚፈልገው፤ ያቀረበው ሰው ቢቀጠር ሥራው ተሳካ ማለት ነው። ስለዚህ በደንብ ጠይቁት። ስንት ዙር አለ? እያንዳንዱ ዙር ስለ ምንድን ነው? የታሰብኩት ለየትኛው ደረጃ ነው? በፈለግኩት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መጻፍ እችላለሁ? ለመዘጋጀት ሁለት ሦስት ሳምንት መጠየቅም ነውር የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ባልተዘጋጁበት ቀን «እሺ፣ ነገ ይሁን» ብሎ መግባት ማንንም አያስደንቅም።

የኮድ ጥያቄ፣ ከቅርብ ሲታይ

ቀጥሎ አንድ የኮድ ፈተና ይመጣል። ወይ በኢንተርኔት ብቻችሁን የምትሠሩት ነው፣ ወይ ከአንድ ኢንጂነር ጋር በቪዲዮ እየተያያችሁ የጋራ ገጽ ላይ የምትጽፉት። ብዙውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ይይዛል። ይህን ያለፈ ሰው ነው ወደ ዋናው ዙር የሚገባው።

አንድ የታወቀ ጥያቄ እንውሰድ። የቁጥሮች ዝርዝርና አንድ ድምር ይሰጣችኋል። ሲደመሩ ያንን ድምር የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉ። ዝርዝሩ 4፣ 9፣ 1፣ 7 ነው እንበል፤ ድምሩ ደግሞ 8። መልሱ 1 እና 7 ነው። ቀላል ይመስላል።

አንዱ ተፈታኝ ጥያቄውን ሰማ፣ ዝም አለ፣ ኮዱን ጻፈ። 15 ደቂቃ ሙሉ ከኪቦርዱ ድምፅ በቀር ምንም አልተሰማም። በመጨረሻ «ጨረስኩ» አለ። ኮዱ ይሠራል። ጠያቂው ምን ይጻፍ? «ትክክለኛ መልስ ሰጥቷል።» በቃ፣ ከዚያ በላይ የሚለው የለውም። ልጁ አስቦ ነው ወይስ ሸምድዶ? ሌላ መንገድ እንዳለ ያውቃል? ወረቀቱ ላይ የለም።

ሌላዋ ተፈታኝ ከመጻፏ በፊት ጠየቀች። «አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ መጠቀም ይቻላል? እዚህ 4 ሲደመር 4 እኮ 8 ይሆናል።» አይቻልም ተባለች። «ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል? መልስ ከሌለ ምን ልመልስ?» እሱም ተነገራት። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱን ቁጥር ከሌሎቹ ጋር እያጣመሩ መደመር ነው። ይሠራል፤ ግን ዝርዝሩ ትልቅ ከሆነ ይንቀራፈፋል። አንድ ሚሊዮን ቁጥር ቢኖር 500 ቢሊዮን ገደማ ጥንድ መፈተሽ ሊኖርብን ነው። ያለፍኳቸውን ቁጥሮች ሃሽ ማፕ ውስጥ፣ የተፈለገው ወዲያው በሚገኝበት መዝገብ፣ ባስቀምጥ ግን አንዴ ብቻ አልፌ እጨርሳለሁ። ዋጋው ተጨማሪ ሜሞሪ ነው።»

ከዚያ ጻፈች። ስትጨርስ ኮዱን በራሷ ምሳሌ መስመር በመስመር ተከተለችው። 4 ላይ ስንደርስ የሚያስፈልገን ሌላ 4 ነው፤ እስካሁን ያለፍነው የለም፣ እንግዲህ 4ን እናስቀምጥ። 9 ላይ የሚያስፈልገው ከዜሮ በታች 1 ነው፤ የለም። 1 ላይ 7 ያስፈልጋል፤ ገና አልመጣም። 7 ላይ 1 ያስፈልጋል፤ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋለች። ቁጥሩን መጀመሪያ አስቀምጣ ከዚያ ብትፈልግ ኖሮ 4 ራሱን ያገኝና መልሱ ይሳሳት ነበር። ይህንንም ጮክ ብላ ተናገረች።

ጠያቂው ስለ እሷ አንድ ገጽ ይጽፋል። ግልጽ ያልሆነውን ጠየቀች፣ ቀላሉን መንገድ ከነዋጋው አስቀመጠች፣ የተሻለውን መረጠች፣ ስህተት ሊገባ የሚችልበትን ቦታ ማንም ሳይነግራት አገኘች። የሁለቱ ተፈታኞች ኮድ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ምስክርነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ጎበዝ ጠያቂ እዚህ አያቆምም። «ዝርዝሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደረ ቢሆንስ?» ይላል። አሁን ሃሽ ማፑ ላያስፈልግ ይችላል። 1፣ 4፣ 7፣ 9 ላይ ከሁለቱ ጫፍ መነሳት ይቻላል። 1 እና 9 ድምራቸው 10 ነው፤ በዛ። ከቀኝ በኩል አንድ ወደ ውስጥ ግቡ። 1 እና 7፣ 8 ሆነ። ተጨማሪ ሜሞሪ አልወሰደም። መልስ ሸምድዶ የመጣ ሰው የሚጋለጠው እንዲህ ያለው ተከታይ ጥያቄ ላይ ነው። ሊትኮድ በሚባለው የኮድ መለማመጃ ድረ ገጽ ላይ 500 ጥያቄ ሩጦ ከመጨረስ 100 ጥያቄ «ለምን ሠራ? አንድ ነገር ቢቀየርስ?» እያሉ መሥራት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መረጃ የሚደራጅባቸው ሃሽ ማፕ፣ ዛፍና ግራፍ፤ የመፈለጊያ ዘዴዎቹ ባይነሪ ሰርችና ከሁለት ጫፍ መሄድ። አብዛኛው ጥያቄ የሚመጣው ከእነዚህ ስለሆነ ከእነሱ ጀምሩ። ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ፣ ትልቁን ችግር ከትንንሾቹ መልስ እየገነቡ መፍታት፣ ብዙ ሰው የሚፈራው ነው፤ መሠረቱን ያዙት እንጂ ዝግጅታችሁን በሙሉ አይብላው።

ሰው እያየ ማሰብ

«እኔ እኮ ቤት ብቻዬን ስሆን እፈታዋለሁ» የሚል ሰው አታላይ አይደለም። የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ሰው ፊት ቆሞ፣ እየተናገረ፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ ፈታ። ሌላኛው ብቻውን በተዘጋ ክፍል ፈታ። ሰው ሲያያቸው የነበሩት ውጤት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም የሴቶቹ ውጤት ይበልጥ ይከነክናል። ሰው እያያቸው ከሠሩት ሴቶች አንዷም አላለፈችም፤ ብቻቸውን የሠሩት ሴቶች ደግሞ ሁሉም አለፉ።

ኩባንያዎቹ ይህን አሠራር ማስተካከል አለባቸው። የሚለካው ችሎታ ነው ተብሎ ፍርሃት ሲለካ ዝም ሊባል አይገባም። እስኪስተካከል ግን ኢንተርቪው ያለበት ሰው ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር አለ፦ ልምምዱን ሰው ፊት ማድረግ። ጓደኛ ይሁን፣ የሥራ ባልደረባ ይሁን፣ ሰዓት ይዞ ይቀመጥና ይይ። ኮድ ባያውቅም ግድ የለም። እየጻፉ መናገር ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ በመደጋገም ይለመዳል። ኢንተርቪው ላይ ጭንቅላታችሁ ባዶ ሲሆንም «አንድ ደቂቃ ላስብበት» ማለት ይቻላል። ከዚያ ያሰባችሁትን ተናገሩ። ጠያቂው ፍንጭ ከሰጣችሁ በደስታ ተቀበሉት። ፍንጭ ተቀብሎ መጠቀም መቻልም ይጻፋል፤ ፍንጩን ገፍቶ በራስ መንገድ መድረቅም እንዲሁ።

ዋናው ዙር

ዋናው ዙር ብዙ ጊዜ አራት ወይም አምስት ኢንተርቪው ነው። በአንድ ቀን ሊያልቅ ወይም ለሁለት ቀን ሊከፈል ይችላል። አማዞን ውስጥ «ሉፕ» ይሉታል። ከ2020 ወዲህ አብዛኛው በቪዲዮ ሲደረግ ቆይቷል። አሁን ግን ተፈታኞች በድብቅ ኤአይ እያስፈቱ ስላስቸገሩ ነገሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። የጎግል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሰንደር ፒቻይ በ2025 ቢያንስ አንዱ ዙር በአካል እንዲሆን እየተደረገ መሆኑን ተናግረዋል። አንዳንዱ ኩባንያ ኤአይ መጠቀምን ሊፈቅድ ይችላል፣ ሌላው ሊከለክል። ሪክሩተሩን ጠይቃችሁ እወቁ። በተከለከለበት መጠቀም ግን ሥራውን ያሳጣል። ደግሞም ዓይን ሲንከራተትና መልስ ከየት መጣ ሳይባል ዱብ ሲል ያስታውቃል።

ልምድ ላላቸው ሰዎች ሲስተም ዲዛይን የሚባል ዙር አለ። እዚህ ኮድ አይጻፍም፤ አንድ ሙሉ አገልግሎት በንድፍ ትሠራላችሁ። ለምሳሌ «ረጅም ሊንክ አሳጣሪ አገልግሎት ሥሩ» ሊባል ይችላል። ሰው የሚሳሳተው ወዲያው ዳታቤዝ መሳል ሲጀምር ነው። መጀመሪያ መጠኑ ይጠየቃል። በቀን 100 ሚሊዮን አዲስ ሊንክ ይገባል ተባለ እንበል። ቀኑ 86,400 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ 1,160 ገደማ ነው። አጭሩ ሊንክ ስንት ፊደል ይሁን? የእንግሊዝኛ ትንንሽና ትልልቅ ፊደላት ከአሃዞች ጋር 62 ይሆናሉ። ባለ 7 ፊደል ሊንክ ከ3.5 ትሪሊዮን በላይ የተለያየ አማራጭ ይሰጣል። በቀን 100 ሚሊዮን ቢፈጅ ለ90 ዓመት ይበቃል። ይህ ስሌት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ከዚህ በኋላ የምትወስኑት ሁሉ ምክንያት ይኖረዋል። ሊንክ ከሚፈጥረው ይልቅ ሊንክ የሚከፍተው ሰው ስለሚበዛ ካሽ፣ ማለትም ብዙ የሚፈለገውን ቅርብ የሚያቆይ ማከማቻ፣ ያስፈልጋል። አንድ ሰርቨር ቢወድቅስ? ሁለት ሰው እኩል ሰዓት አንድ አጭር ሊንክ ቢደርሳቸውስ? ትክክለኛ የሚባል አንድ መልስ የለም። የሚፈለገው «ይህን መረጥኩ፣ ያኛውን የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው» ማለት መቻላችሁ ነው።

ሌላው ዙር ስለ ባሕርይና ስለ ሥራ ልምድ ነው። ኮድ የሚችል ሰው ብዙ ጊዜ ይንቀዋል፤ ያኔ ነው ጉድ የሚፈላው። አማዞን 16 የአመራር መርሆዎች አሉት፤ 14 ነበሩ፣ በ2021 ሁለት ተጨመሩ። ጠያቂዎቹ መርሆዎቹን ተከፋፍለው ነው የሚገቡት። «ከአለቃህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረኝ» ሲባል ዝም ብሎ ወሬ አይደለም፤ ከመርሆዎቹ አንዱ እየተፈተሸ ነው። አማዞን ራሱ የሚመክረው አመላለስ ስታር ይባላል፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ ከእናንተ ምን ይጠበቅ ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ውጤቱ ምን ሆነ። ስድስት ሰባት እውነተኛ ታሪኮችን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። አንዱ የከሸፈ ሥራ ይሁን። ስትናገሩ «ሠራን፣ አደረግን» ብቻ አትበሉ። ምስክሩ የሚጽፈው ስለ እናንተ ነው። ቡድኑን አመስግኑ፤ ግን የእናንተ እጅ የት ላይ እንደነበር ሳይለይ ከቀረ ወረቀቱ ባዶ ይሆናል።

ስለ እንቆቅልሽ ደግሞ አትጨነቁ። ድሮ ማይክሮሶፍት «የጉድጓድ ክዳን ለምን ክብ ሆነ?» በመሰለ ጥያቄ ይታወቅ ነበር። ጎግልም ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የጎግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበሩት ላዝሎ ቦክ እንዲህ ያለው ጥያቄ ጊዜ ከማባከን በቀር ምንም እንደማይለካ በግልጽ ተናገሩ።

ከበሩ ጀርባ

ኢንተርቪው አልቆ ስትወጡ ጠያቂዎቹ የየራሳቸውን ጽፈው ያስገባሉ። ጎግል ውስጥ ወረቀቱ ወደ ቅጥር ኮሚቴ ይሄዳል። የኮሚቴው አባላት የጠየቋችሁ ሰዎች አይደሉም፤ አለቃችሁ የሚሆነው ሰውም ብቻውን መወሰን አይችልም። አማዞን ውስጥ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው ይነጋገራሉ። ከመካከላቸው ባር ሬይዘር የሚባል ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው አለ። አሠራሩ ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው። የቅጥሩ ክፍል ሰው ቸግሮት «ይግባልን» ቢል እንኳ ባር ሬይዘሩ ቅጥሩን ማገድ ይችላል። ሥራው ጥድፊያ ውሳኔውን እንዳያበላሸው መጠበቅ ነው።

ኢንተርቪው ለምን አራት ሆነ? ጎግል የራሱን የቅጥር መረጃ ሲመረምር አራት ሰው ከጠየቀ በኋላ ውሳኔውን በ86 በመቶ እርግጠኝነት መስጠት እንደሚቻል አገኘ። ከዚያ በላይ መጨመር ብዙም አይረባም። ልብ በሉ፤ በእነሱው ስሌት እንኳ ሙሉ እርግጠኝነት የለም። እነዚህ ኩባንያዎች ደግሞ ጥሩ ሰው ከሚያመልጣቸው ይልቅ የማይሆን ሰው መቅጠርን ይፈራሉ። ማመልከቻ ስለማያጡ የሚያመልጣቸው ሰው ብዙም አይጎዳቸውም። ስለዚህ ሲጠራጠሩ «አይሆንም» ይላሉ። ሆምብሩ የተባለውን በፕሮግራመሮች ዘንድ እጅግ የታወቀ ሶፍትዌር የሠራው ማክስ ሃወል ጎግል እንዳልተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2015 ትዊተር ላይ በብስጭት ጽፎ ነበር። የወደቀው የዛፍ ቅርጽ ያለው ዳታ ስትራክቸር በመገልበጥ ጥያቄ ነው ብሎ። በሥራው የታወቀ ሰው እንኳ አይሆንም ይባላል።

«አይሆንም» ከተባላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ዝርዝር ባይነግሯችሁም የትኛው ዙር እንደደከመ ፍንጭ የሚሰጥ ሪክሩተር አለ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ከቆያችሁ በኋላ እንደገና ማመልከት ይፈቅዳሉ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙከራ የገቡ ሰዎች እዚያ ሞልተዋል።

«ይሆናል» ከተባለ ሁለት ነገር ይቀራል። አንዱ ደረጃ ነው። ጎግል ውስጥ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ኢንጂነር ብዙ ጊዜ ኤል 3 ሆኖ ይገባል፤ ኤል 5 ሲኒየር ነው። ልዩነቱ በገንዘብ ሰፊ ነው። ልምድ ያለውን ሰው ደረጃ ከሚወስኑት ዋናዎቹ የሲስተም ዲዛይንና የልምድ ዙሮቹ ናቸው። ሌላው ክፍያው ነው። ደመወዝ፣ ቦነስና አክሲዮን ተደምሮ ነው የሚታሰበው። አክሲዮኑ ብዙ ጊዜ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ አከፋፈሉ ግን ይለያያል። አማዞን ለረጅም ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት 5 በመቶ፣ በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 40፣ 40 ሲሰጥ ኖሯል። ሁለት ዓመት ሠርቶ ለመውጣት ያሰበ ሰው ይህን ሳያይ መፈረም የለበትም። መደራደር የተለመደ ነው። በትህትና የጠየቀን ሰው ኦፈር (የቀረበለትን የሥራ ቅጥር) መንጠቅ ያልተለመደ ነገር ነው፤ ሌላ ኦፈር በእጃችሁ ካለ ደግሞ ድርድሩ ይቀላል።

በዚህ ሰዓት አጭበርባሪም ይመጣል። ከእውነተኛዎቹ ኩባንያዎች አንዱም ለቅጥር፣ ለሥልጠና ወይም ለኮምፒውተር ብሎ ገንዘብ አያስከፍልም። ኢሜይሉ ከኩባንያው የራሱ አድራሻ መምጣቱን አረጋግጡ። ኦፈሩ በጽሑፍ እጃችሁ እስኪገባ፣ የማንነትና የሥራ ታሪክ ማጣራቱም እስኪያልቅ ድረስ አሁን ባላችሁበት መሥሪያ ቤት የሥራ መልቀቂያ አታስገቡ።